ለወዬሳ ያልታጨደ ሣር

ወንድሜ ወዬሳ መቂ ላይ የሽንኩርት ደላላ ነው። አፉ እንጀራው ነው። ሊበሰብስ የደረሰውን ሽንኩርት "አሁን ከማሳ የወጣ" ብሎ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ያሻግራል። ይህ አንደበተ ርቱዕ ሰው በአባታችን ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ያላመሰገነው ፍጡር አልነበረም። እድሩን አመሰገነ፣ ሐኪሞቹን አመሰገነ፣ ድንኳን የተከሉትን ጎረምሶች አመሰገነ። ሚስቱን ሊዲንማ "በሕመሙ ወቅት ከጎኑ ላልተለየችው" ብሎ አመሰገናት። ሊዲ የመጣችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ሙዝ ይዛ፣ አንዴ ባዶ እጇን። አሥራ አንድ ወር ሙሉ አባባን ያገላበጥኩት፣ ያጠብኩትና በማንኪያ ያጎረስኩት እኔ አማረች ግን ወረቀቱ ላይ የለሁም። ቦታ ጠቦት ይሆናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ወንድሜን አላናገርኩትም። ስለ እሱ ግን ለሌላው ሰው ሁሉ በደንብ ተናግሬያለሁ። አዳማ ውስጥ ያልሰማ ካለ የእኔ ስንፍና ነው።

ዘንድሮ እማዬ "እሬቻ ሁላችንም አብረን እንወርዳለን" አለች። ጉልበቷ አስቸግሯት ሁለት ዓመት ቀርታለች፤ የከርሞውን ማን ያውቃል? ወዬሳም እንደ ልማዱ አዘጋጅ ሆነ። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ልብስ አሰፋ፤ የእኔ በሁለት ቁጥር ጠቦ መጣ። ሚኒባስ ተከራየ፣ የታሸገ ውሃ በካርቶን ጫነ፣ ሰፈር የሚቀሰቅስ ስፒከር አመጣ። ሊዲ ለቲክቶኳ ሁለት ስልክ ቻርጅ አደረገች። ለምስጋና የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ ተሟልቶ ነበር፤ ከሣር በቀር። ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር ቆመን፣ ውሃ ውስጥ ነክረን የምናመሰግንበትን እርጥብ ሣር ረስቶታል።

እኔ አልረሳሁም። ቅዳሜ ከጎረቤታችን ከሱሃይላ ጓሮ አጨድኩና ከአደይ አበባ ጋር በሰው ቁጥር አሰርኩት፤ ለእማዬ፣ ለወዬሳ ልጆች፣ ለራሴ፣ ለሊዲ እንኳ። ለወዬሳ አላጨድኩም። እሱ ከወረቀቱ እንደዘነጋኝ እኔም ከሣሩ ዘነጋሁት።

እሁድ ጠዋት ሚኒባሱ በራችን ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆመ። ሊዲና ልጆቹ ተሳፈሩ። እማዬ ግን ወንበር ስባ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

"አልሄድም" አለች።

"ጉልበትሽ ነው እማዬ?" አለ ወዬሳ።

"ጉልበቴ ደህና ነው። የተኳረፈ ሰው እሬቻ አይወርድም። ዋቃን ምን ብዬ ላመስግነው? 'ሁለት ልጆች ሰጠኸኝ፣ አይነጋገሩም፣ ተመስገን' ልበል?"

ወዬሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ በበኩሌ በእህቴ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም" አለ፤ ስብሰባ ላይ ያለ መሰለው።

"ሱሃይላ ሰማሽ?" አልኩ። "የበደለኝ ሰው ቅሬታ የለውም። እንዴት ያለ ቸር ነው!"

ሱሃይላ ልትሸኘን ነበር የወጣችው። "አንተ ወዬሳ፣ አንድ ቃል እኮ ነው" አለችው። "ሽንኩርት ቀኑን ሙሉ ስታመሰግን ትውል የለ? ለእህትህ አንድ ገለቶሚ፣ አንድ አመሰግናለሁ ማለት ምን ይከብድሃል?"

ወዬሳ አፉን ከፈተ፣ እማዬን አየ፣ መልሶ ዘጋው። የመቂ ደላላ ቃል ሲያጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

"ተዪው" አለች እማዬ። "ያን ወረቀት ያጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። የሚኒባሱ ሞተር ይንተከተካል።

"አጠገቤ ተቀምጦ እነማንን እናመስግን አለኝ። እድሩን አልኩት፣ ሐኪሞቹን አልኩት። ሊዲ የሰው ልጅ ናት፣ ሳትመሰገን ብትቀር ይከፋታል አልኩት። 'አማረችስ?' ብሎ ጠየቀኝ። 'አማረች እኮ የቤት ናት፤ ሰው የገዛ እጁን ያመሰግናል እንዴ?' አልኩት።" መሬት መሬቱን አየች። "ቀብር ላይ ፊትሽን ሳይ ማጥፋቴ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ለመናገር አፈርኩ።"

ወደ ወዬሳ ዞርኩ። "አንተስ? በከተማው ሁሉ ስምህን ሳጠፋ ዝም ብለህ ትሰማለህ?"

"የምትኖሪው ከእሷ ጋር ነው" አለ። "እሷን ከምትጠዪ እኔን ጥዪ ብዬ ነው። እኔማ መቂ ነኝ፣ ድምፅሽ አይደርስም።" ትንሽ አሰበና "ለነገሩ ይደርስ ነበር" አለ።

እማዬ እጄን ያዘች። "ገለቶሚ፣ አማረች። ስላጠብሽው። ስላጎረስሽው። ገለቶሚ፣ ልጄ።"

ይህን ቃል የሰማሁ ቀን እንዴት ኮራ ብዬ እንደምቆም ሁለት ዓመት ስለማመድ ነበር። አልሆነም። ንፍጤ ሳይቀር ወረደ። ሊዲ በሚኒባሱ መስኮት ስልኳን አነጣጠረችብኝ፤ ሱሃይላ ከእጇ ላይ ቀማቻት።

እማዬን ደግፈን አሳፈርናት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሣሩን ማደል ጀመርኩ። ሁሉም ደረሰው። ወዬሳ ከፊቴ ካለው ወንበር ዞሮ እጁን ዘረጋ።

"የእኔስ?"

በከረጢቱ ውስጥ ፈለግኩ፤ የፈለግኩ መሰልኩ እንጂ እንደሌለ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

"አልታጨደልህም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ስትጭኚ ቆጥሬዋለሁ።" እጁን ግን አልሰበሰበም።

የራሴን እስር ፈታሁና ለሁለት ከፈልኩት። ትልቁን ለራሴ ላስቀር ነበር፤ ከዚያ አበባ ያለበትን ትልቁን ሰጠሁት።

"ገለቶሚ" አለኝ ወዲያው። ሰውየው ቃሉን ያውቀዋል ለካ።

መመለስ የነበረብኝ ቃል ያው እሱ ነበር። ለሁለት ዓመት ስድቤን ዝም ብሎ ለተሸከመ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አፌን ከፈትኩ፣ እማዬን አየሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። ቢሾፍቱ ሩቅ ነው፤ እስክንደርስ ይወጣልኝ ይሆናል።