የጥርሱ ውሃ

ጥርሱን ያገኘሁት ኦክላንድ አጠገብ ባለችው አልባኒ ከተማ ባሕር ዳርቻ፣ የጥር ማዕበል አሸዋውን ገልብጦ በሄደ ማግስት ነው። ሰው ዛጎል ይለቅማል፤ እኔ የሞተ ነገር እለቅማለሁ። ባለቤቴ ሀረገወይን ደህና በነበረችበት ጊዜ «አንተ ሰውዬ፣ ቤታችንን መቃብር አደረግኸው!» ትለኝ ነበር። የዚያን ቀን ያነሳሁት ግን እንደ ወትሮው የወፍ አጥንት አልነበረም። የዱቄት ከረጢት ያህል ይከብዳል፤ ላዩ እንደ ጫማ ሶል የተሸነተረ ነው። የማሞዝ መንጋጋ ጥርስ ነበር፤ ከዝሆን የሚተልቅ፣ ከምድር ከጠፋ አሥር ሺህ ዓመት ያለፈው እንስሳ።

ሳን ሆዜ ላለችው ልጃችን ለሄለና ፎቶውን ብልክላት ወዲያው ደወለች።

«ዳዲ፣ ዩ ካንት ጀስት ኪፕ ኢት! ዝም ብለህ ቤት አታስቀረውም፤ ዩኒቨርሲቲ ኮል አድርግ።»

«መጀመሪያ ጨው ይውጣለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ከባሕር የወጣ ጥርስ ዝም ብሎ ከደረቀ ጨው ይፈነቅለውና እንደ ሽንኩርት ተላልጦ ያልቃል። ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝና ይህን ሥራ ለማንም አላምንም። ንጹህ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በየሳምንቱ ውሃውን መቀየር፣ የወጣውን ጨው በመለኪያ ማየት፣ ከቧንቧ ውሃ እኩል እስኪሆን መታገሥ ነው። የየሳምንቱን ውሃ ለማወዳደር ብዬ በጋሎን አስቀምጥ ነበር። ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ስላጣሁ ጋሎኖቹን ሳሎን ጥግ፣ ከሀረግ ሥዕለ ማርያም ሥር ደረደርኳቸው። በእኛ ቤት ሥዕል ሥር የተቀመጠ ውሃ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ እንደሌለ ማሰብ ነበረብኝ። ስህተቱ የእኔ ነው።

ሀረግ ከአሥራ አራት ወር በፊት፣ ቁርስ ላይ፣ «ሚናስ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» እንዳለች ስትሮክ መታት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም። ምን ልትነግረኝ ነበር? ዳቦ አልቋል ልትለኝ ይሆናል። ቢሆንም እሱን ሳልሰማ ብሞት ዓይኔ የሚከደን አይመስለኝም።

ረቡዕ ረቡዕ የሀረግ ወዳጅ እትዬ ወለተ ማርያም ከኦክላንድ እየመጡ እሷን ይጠብቁልኛል፤ እኔ ባሕር ዳርቻ እሄዳለሁ። ጥርሱን ከዘፈዘፍኩ በሦስተኛው ረቡዕ ስመለስ፣ በሩ ላይ የሚስቴን ድምፅ ሰማሁ። ቁልፉ ከእጄ ወደቀ።

«ሣሩ ከደረቴ በላይ ነው» ትላለች። «ባሕር የለም። ሣር ብቻ ነው።»

እትዬ ወለተ ማርያም ተንበርክከው ያለቅሳሉ። «አቶ ሚናስ፣ እመቤቴ ሰማችን! ጠበሉን አንድ ብርጭቆ ባጠጣት ተናገረች!»

«የትኛውን ጠበል?»

ጋሎኑን አሳዩኝ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የአውሬ ጥርስ የዘፈዘፍኩበት ነው! ጨው ጨው አላለም?»

«ጠበል ጣዕሙ ይጠየቃል እንዴ?»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። ይህ ባሕረ ሰላጤ በማሞዝ ዘመን ሣር የለበሰ ሜዳ ነበር፤ ውሃው ገና አልደረሰበትም። እኔ ይህን አንብቤአለሁ። ለሀረግ ግን አንድም ቀን ነግሬአት አላውቅም። ሚስቴ አንገቷን ከባድ ነገር እንደተሸከመ ሰው ቀስ አድርጋ ታወዛውዛለች። ፈራሁ። ከፍርሃቴ ግን ናፍቆቴ በለጠ።

በየሳምንቱ ከአዲሱ የጥርስ ውሃ አንድ ብርጭቆ ሰጠኋት፤ ሐኪሟም ሄለናም አልሰሙም። ስለ ብርድ ተናገረች፤ ወደፊት ስለሚሄድ መንጋ፣ እግር ስለሚይዝ ጭቃ። ስሜን አልጠራችም። ጥርሱ እየጸዳ ሲሄድ ደግሞ ንግግሯ አጠረ። መለኪያው በወረደ ቁጥር ቃላቷ አነሱ። ሥራዬ ባማረ ቁጥር ሚስቴ ዝም ልትለኝ ነው።

በዘጠነኛው ረቡዕ መለኪያው ከቧንቧ ውሃ እኩል ሆነ። ያን ውሃ ጠጣችና ትክ ብላ አየችኝ።

«ሚናስ» አለች። «አንድ ነገር ልንገርህ።»

ከዚያ ከንፈሯ ተገጠመ። ሌላ ብርጭቆ ሰጠኋት፤ ምንም የለም። ሦስተኛውን ከመጀመሪያው ሳምንት ጋሎን ቀዳሁ፤ የቆየው ውሃም ምንም አልሠራም።

ጥርሱ ፎጣ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ቀስ ብሎ መድረቅና ስስ ሙጫ መቀባት ብቻ ቀረው። ሄለናም ለሰኞ ከዩኒቨርሲቲ ሰው ጋር ቀጠሮ ይዛልኛለች። እኔ ግን ላዩ ቢታጠብም ውስጡ ገና ጨው እንደሚኖረው አውቃለሁ። መዶሻዬን አነሳሁ።

«ኧረ በእመቤቴ! ምን ሊያደርጉ ነው?» አሉ እትዬ ወለተ ማርያም።

ባሕር በአሥር ሺህ ዓመት ያልሰበረውን በአንድ ምት ለሁለት ከፈልኩት። መሃሉ ጥቁር ነበር፤ ቤቱን የረግረግ ሽታ ሞላው። አንድ ስባሪ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ ውሃው እስኪደፈርስ ጠበቅኩ። አንገቷን ደግፌ አጠጣኋት።

«ጭቃው ይዞኛል» አለች። ድምፁ የራሷ ነው፤ ቁርስ ላይ የሰማሁት። «አትጠብቀኝ፣ ሚናስ። መንጋው ሄዷል። አንተም ሂድ።»

እትዬ ወለተ ማርያም አማተቡ። የአውሬው ቃል ይሁን የሷ አልጠየቅኩም። አሥራ አራት ወር የጠበቅኩት ይሄ ሆነና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሀረግ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም፤ መስኮቱን ብቻ ታያለች።

ወዴት ነው የምሄደው? ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ፤ በረዶ ሆኗል። ከእግሬ ሥር ምንጣፉ ረጠበ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ይሰማኛል። እግሬን አላነሳሁም።