ረጅሙ አንቴና

አማችየው ሁለት አንቴና በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ባለሱቁ ወዳጁ ስለሆነ፣ ሞክሮ ያልሆነለትን እንዲመልስ ፈቅዶለታል። የሚስቱ ወላጆች ቤት ኮረብታ ሥር የተሸጎጠ ነውና ቴሌቪዥኑ ያለ አንቴና ከመንጫጫት ሌላ ሥራ የለውም። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ሚስቱ እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረኛ ሆና ትገባለች፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፋል።

ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ረጅሙን አንቴና ወዲያና ወዲህ እያዞረ፣ አሁንስ፣ አሁንስ እያለ ይጣራል። አማቱ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ምስሉ ሲመጣ ግድግዳውን በማንኪያ ያንኳኳሉ፣ ሲጠፋ ዝም። ምስኪን፣ ፀሐይ አናቱን እየጠበሰው የማንኪያ ቋንቋ ሲማር ዋለ።

በመጨረሻ ነገሩ ለየለት። ቅርንጫፈ ብዙው ረጅም አንቴና ምስሉን ጥርት አድርጎ ያመጣል፣ ድምፁ ግን ጩኸት ብቻ ነው። አጭሩ ድምፁን ኩልል አድርጎ ያሰማል፣ ምስሉ ግን ነጠብጣብ ነው። አማችየው ብዙም አላመነታ። የሚስቱ አባት፣ አባባ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ለእሳቸው ምስል ምን ይሠራላቸዋል ብሎ አጭሩን ማሰር ጀመረ።

አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበርና የትኛውን እያሰረ እንደሆነ ጠየቁት። ነገራቸው።

"ፍታው። ረጅሙን እሰር" አሉት።

"አባባ፣ ድምፅ እኮ የለውም።"

"ውጤቱንማ ሬዲዮም ይነግረኛል። እኔ የጨነቀኝ ወድቃ እንዴት እንደምትነሳ ነው። እሷ እንደሆነች የተሰበረች ቀንም በስልክ 'ደህና ነኝ' ነው ያለችኝ። እናቷ ትይና ትንገረኝ።"

አማችየው ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለ። እሱንም በዚያችው "ደህና ነኝ" ስታባብለው ከርማለች፤ ባል ሆኖ አንድ ቀን አልጠረጠራትም። እኚህ ሰው ግን ዓይን ሳይኖራቸው ልጃቸውን ያዩዋታል። ኮራባቸው፣ ትንሽም ቀናባቸው። ረጅሙን አጥብቆ አሰረው።

ጨዋታው ሲጀመር ድምፁን ዘጉት። አማቱ ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ቢሆንም ከባላቸው አጠገብ ተቀምጠው ያዩትን ሁሉ ይናገሩ ጀመር። አንዷ ባለ ሹሩባ መጣች፣ ልጃችን እጇን ዘረጋች፣ ጓንቷ ሰፍቷታል፣ ማነው የገዛላት? ጓንቱን የገዛው አማችየው ጉሮሮውን ጠራረገ።

ከእረፍት በኋላ አማቱ ድንገት ዝም አሉ።

"ምን ሆነች?" አሉ አባባ።

"ዘላ ወደቀች። ኳሷ ገባች።"

"ኳሷን ተያት። ተነሳች?"

"እየተነሳች ነው።"

"በየትኛው እግሯ?"

እናትየው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።

"በተሰበረው" አሉ። "በእሱ ተመርኩዛ ቆመች። እየሳቀች ነው መሰለኝ።"

አባባ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ ለቀቅ አደረጉ።

"ይግባ" አሉ። "መቶ ጎል ይግባ።"