ሦስት ጊዜ የጠራው ስልክ

ልብ ያልኩት ስልኩ ዝም ካለ በኋላ ነው። ሳይቋረጥ ሦስት ጊዜ ጠርቷል። ውላችን ግን አንድ ጊዜ ነበር።

የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። አራት መርፌ በከንፈሬ ይዤ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እገጥማለሁ፤ ስልኩ ከጨርቁ ክምር ሥር ሆኖ ጠራ። «ተመስገን፣ ድልድዩ ጋ ደረሰች» አልኩ በሆዴ። እግሬን እንኳ ከፔዳሉ አላነሳሁም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጩኸት ጆሮዬ ሰምቶታል፤ ልቤ የሰማው ግን ስፌቱን ጨርሼ ክሩን ስቆርጥ ነው። ቁጥሩን አየሁ፤ የልጄ ነው። መልሼ ብደውል፣ ያቺ የማትደክም የቴሌ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ይላል።

ልጄን ቁንጫ ነው የምንላት፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አታውቅም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ጫካ በኩል በብስክሌት ትዞራለች። መጀመሪያ ረጅሙ ዳገት አለ፣ ከዚያ ወደ እንጨት ድልድዩ የሚያወርደው ኩርባ፣ ከዚያ ሌላ ዳገት፣ ከዚያ ጫካው ያልቅና መስኩን አቋርጣ ወደ ቤት ትመለሳለች። ከሦስት ቦታ ሚስኮል ታደርግልኛለች፤ ከዳገቱ አናት፣ ከድልድዩና ከጫካው መውጫ። አንድ ጊዜ አስጠርታ ትዘጋለች። እኔ አላነሳም። አንድ ጥሪ «ደህና ነኝ» ማለት ነው።

ይህን ውል ያወጣችው ግን እሷ አይደለችም። እህቷ ናት።

ትልቋ ልጄ መጀመሪያ በመኪና መንገድ ነበር የምትነዳው። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከስፌቴ ተነስቼ በር ላይ እቆማለሁ። «ጭር ያለ መንገድ ፈልጊ» ብዬ ነዘነዝኳት። ፈልጋ አገኘችው። ግንድ መቁረጥ ከቆመ ወዲህ በቀን አንድ መኪና የማያልፍበት መንገድ። መጀመሪያ የሄደች ቀን ዓይኗ እየበራ ተመልሳ «እማ፣ የሚሰማሽ የራስሽ ጎማና ወፍ ብቻ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። ጭር ያለ መንገድ ላይ የወደቀን ሰው የሚያነሳ እንደሌለ አላሰብኩም። ክፉ ማሰብ ሥራዬ የሆነው እኔ፣ ያንን ብቻ ሳላስብ ቀረሁ።

ከአራት ዓመት በፊት እርጥብ ቅጠል ኩርባው ላይ አንሸራተታትና ከመንገዱ በታች ወደቀች። ያኔም ስልኬ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጠርቶ ነበር። ሦስት ጊዜ። እኔ ድልድዩ ጋ ደረሰች ብዬ አላነሳሁትም። የደን ጠባቂው ያገኛት በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሐኪሙ «ማታውን ብታገኟት ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ፊታችንን አይቶ ተወው። የዚያን ቀኑን ጥሪ ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። ለባሌም፣ ለማንም አልተናገርኩም። አራት ዓመት ሙሉ እንደ ዋጥኩት መርፌ ይዤው ኖርኩ፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይወጋኛል።

ቁንጫ የእህቷን ብስክሌት ከዕቃ ቤት ስታወጣ «አይሆንም» አልኳት።

«ለምን?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው ምክንያት አይደለም፣ እማ።»

አባቷም አገዛት። «እንግዲያው ስትደውዪ ላንሳና እናውራ» ብላት ሳቀች። «ዳገት ላይ ቆሜ ላውራሽ? ጡንቻዬ ይቀዘቅዛል። አንድ ጊዜ አስጠራለሁ፣ አታነሺውም፣ አለቀ። እህቴም እንደዚያው ነበር የምታደርገው።» ምን ልበላት? እምቢ ለማለት እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

አሁን ግን ስልኳ እምቢ ቢለኝ ባሌ ጋ ደወልኩ። አናጺ ነው። የሥራ ቦታውን ፒካፕ እየነዳ፣ ያልተቀባ የቁምሳጥን በር ከኋላ እንደጫነ መጣ። ፍርሃቴን ለምዶታል።

«ጎማ ፈንድቶባት ይሆናላ» አለኝ ገና ሳልገባ። «አንቺ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ‹ዛሬ ልታቃጥለን ነው› የምትዪ ሰው ነሽ።»

«ንዳ።»

«እሺ ነዳሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ።»

«ንዳ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!»

ዳገቱን ስንጀምር የከተማው ድምፅ ከኋላችን ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ጭርታ የትም አላውቅም። ጥዱ ከሁለቱም ወገን መንገዱ ላይ ተደፍቶ፣ ከቀትር በኋላ ያለውን ብርሃን አረንጓዴ አድርጎታል። እያንዳንዱ ግንድ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስለኛል። ከኋላ የቁምሳጥኑ በር ጉድጓድ በመታን ቁጥር ኳ ይላል፤ እኔ ግን የሚሰማኝ ስልክ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጄ ውስጥ ያለውን አየዋለሁ፤ ጨልሟል።

«ሦስት ጊዜ መጥራቱ ነው ይህን ሁሉ ያስፈራሽ?» አለ ባሌ፣ አሁን ቀልዱን ትቶ። «ቆጣሪ ሆነሻል እንዴ?»

«ያኔም ሦስት ጊዜ ነበር የጠራው።»

«ያኔ መቼ?»

ከአፌ ወጥቷል፤ የምመልስበት መንገድ የለም።

«የትልቋ ዕለት» አልኩት። «ወድቃ ደወለችልኝ። ድልድዩ ጋ ደረሰች ብዬ አላነሳሁትም። ከተገኘች በኋላ ጥሪውን አጠፋሁት።»

ፍሬን ያዘ። መንገዱ መሐል ቆምን። ሞተሩ እየሠራ፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ፊት ለፊት ያያል። እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። ቢመታኝም አልጠላው ነበር። ማርሽ አስገባና ነዳ።

ከዳገቱ አናት ወርደን ኩርባው ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ብስክሌቱን ነው። መንገድ ዳር ተጋድሟል። መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈትኩ።

ቁንጫ ከመንገዱ በታች አንድ ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ሄልሜቷ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታለች።

«እማ? አባ? ምን ሆናችሁ?»

«አንቺ ምን ሆነሽ! ምን ሆነሽ!» ጉልበቷን፣ ክርኗን፣ ራሷን ዳበስኩ። የሚደማ ነገር ስፈልግ አጣሁ። ከዚያ ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት። «ልትገድዪኝ ነው? ሦስት ጊዜ አስጠርተሽ ትጠፊያለሽ?»

ልጄ ወደኔ አየች፤ ከዚያ ወደ አባቷ። አባቷ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

«ኔትወርክ ይይዝ እንደሆነ ላይ ፈልጌ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ባለፈው ወር የእህቴን ስልክ ቻርጅ አደረግሁት። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን። መጨረሻ ላይ የደወለችው ላንቺ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እየቆምኩ ስልክ የሚይዝበትን ቦታ ስፈልግ ነበር። መንገዱ ላይ የለም። እዚህች ድንጋይ ላይ ብቻ አንዲት መስመር ትመጣለች።»

ቅጠሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። እዚህ ቦታ ትልቋ ከወደቀችበት ሰዓት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ፣ ይህ ውሃ ብቻ ነበር የሚሰማት።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኳት።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችና ወዲያው የተጸጸተች መሰለች። አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች። «ስሚ፣ እማ። ዛሬ አምስት ጊዜ ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ ይጠራና ይቆረጣል። ሁልጊዜ ሦስት ላይ። ብታነሺውም ኖሮ ምንም አይሰማሽም ነበር። ገባሽ? ምንም።»

አባቷ ከላይ ሆኖ «አምስት ጊዜ?» አላት።

«አምስት ጊዜ።»

ስልኬ እጄ ውስጥ ነበር። ከፈትኩት። ዛሬ ከሷ የመጡት ሁለት ጥሪዎች ናቸው፤ አንዱ ከዳገቱ አናት፣ አንዱ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ሌላ የለም። የቀሩት አራቱ ጫካው ውስጥ ጠፍተው ይሁን፣ ወይስ ልጄ ለኔ ብላ የፈጠረቻቸው ይሁኑ፣ አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ስልኩን ሳታየው ኪሴ ከተትኩት። ወደ መንገዱ ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሰው ትተን የምንሄድ መሰለኝ። ቁንጫም ዞራለች።

ብስክሌቱን ከቁምሳጥኑ በር ጎን ጭነን፣ ሦስታችንም ፊት ወንበር ላይ ተጣብበን ተመለስን።

ቤት ስንደርስ መሽቷል። ባሌ ብስክሌቱን አወረደ፤ ተመልሶ ፒካፑ ውስጥ ተቀመጠ። እራት አቀረብኩ፤ ቀዘቀዘ። አሞቅሁት፤ ደግሞ ቀዘቀዘ።

«ይመጣል፣ እማ» አለች ቁንጫ። «ትንሽ ተዪው። ደሞ መስኮቱን ልቀቂው፤ መጋረጃው ሊቀደድ ነው።»

መስኮቱን አልለቀቅሁም። ትከሻው ብቻ ይታየኛል። ወንድሙ ቤት ይሄዳል አልኩ። ነገ መጥቶ ልብሱን ይወስዳል፤ ሰማያዊ ሸሚዙ ቁልፍ እንደጎደለው ነው፣ ሳልተክልለት ይዞት ሊሄድ ነው። ከዚያ ቁንጫንም ይወስዳል። ሰው ሲጠይቀው ምን ይላል? ስልክ አላነሳችም ይላል። እውነቱን ነው።

ሞተሩ ተነሳ።

«ሄደ» አልኩ።

መብራቱ ግድግዳችንን ጠርጎ አለፈ። መኪናውን ወደ አጥሩ አስጠግቶ አጠፋው። በሩ ሲዘጋ፣ እርምጃው ሲቀርብ ሰማሁ። ገባና ደፉ ላይ ቆመ። ጫማው ላይ የጫካው ጭቃ አለ።

«ያኔ የትልቋ ሲጠራ» አለ፣ «ሰምተሽው ምን አልሽ?»

«ደህና ናት አልኩ። ደስ አለኝ።»

ቁንጫ በጓዳው በር በኩል ታየናለች።

«ያን ቀን አመሻሹ ላይ ‹ተነስ እንፈልጋት› ብለሽኝ ነበር» አለ። «‹ልጅቷን አታስጨንቂ፣ ትመጣለች› ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አስታውሳለሁ።»

«አንድ ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም።»

የቀዘቀዘውን ሳህን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ሁላችንም ገብተናል?» አለ፣ ሁለታችንንም እያየን።

«ገብተናል» አለች ቁንጫ።

ዞረና በሩን ቆለፈው።