የወጥ ቤቱ ዋስ

«ቧንቧው ዋጋው ውስጥ ከሌለ ታዲያ ምኑ ነው ያለው?» አለች ሃረጉ ለሦስተኛ ጊዜ። «ወጥ ቤት ሥራልኝ ነው ያልኩህ። ውሃ የማይወጣበት ወጥ ቤት የት አገር አይተሃል?»

ተቋራጩ ተካልኝ አልተቆጣም። ሰው ሲጮህ እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከተቆፈረው ወለል ዳር፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እግሩን አጠጋግቶ ቆሞ፣ ባለ ሁለት ገጹን የዋጋ ዝርዝር በጣቱ መታ መታ አደረገ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ወለሉ ሊሾ፣ ስለ ግድግዳው ንጣፍ፣ ስለ ጭስ መውጫውና ስለ እቃ ማጠቢያው ገንዳ እንደሚናገር በትዕግሥት አስረዳት። ከዚያ ገለጠው። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ እንግሊዝኛ፣ ከመሬት በታች ለሚገኝ ለማናቸውም ነገር ተቋራጩ ተጠያቂ አይደለም ይላል። ከሥሩ የሃረጉ ፊርማ አለ።

«ከመሬት በታች ያለውን እግዜር ነው የሚያውቀው፣ እትዬ ሃረጉ። እኔ ስቆፍር ነው ያየሁት። ከዚህ እስከ መንገዱ ድረስ አንድም ደህና የለውም።»

«ተሰብሮ አገኘኸው ወይስ ሰበርከው?»

ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ግንበኛ ኑሬ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ። በሩ አጠገብ ቆመው የነበሩት ሽማግሌው አቶ ወንዳፍራሽም ወደ ጉድጓዱ አዩ። አሮጌ የሸክላ ቧንቧ ነው፤ ላዩ በዘመን ብዛት ጠቁሯል። የተሰበረበት ጠርዝ ግን ገና አሁን እንደተቆረጠ ሥጋ ቀይ ነበር። 

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱ ሰባ ዘጠኝ፣ ወሩ መጋቢት፣ የናይሮቢ ዝናብ የጀመረበት ሳምንት። ሐሙስ ጠዋት የከተማው ጤና መርማሪ ወጥ ቤቱን ሊያይ ይመጣል። እሱ ካልፈረመ ሃረጉ የምግብ ቤት ፈቃድ አታገኝም። የፈረንጆቹ ወር ሳያልቅ ያንን ፈቃድ ይዛ ኢሚግሬሽን ካልቀረበች ደግሞ አገር ልቀቂ ተብላለች። የምትሄድበት ሌላ አገር የላትም። አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አሥራ አራት ዓመት ወጥ ሠርታለች። ባሏን በሰባ ዓ.ም. የመንግሥት ሰዎች ከሥራ ቦታው ወስደውት እንደወጣ ቀረ። ፓስፖርቷን የኢትዮጵያ ኤምባሲ አላድስም ካላት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እጇን ቢያገኙ ደስታቸው ነው። ፓርክላንድስ ያለውን የዚህን አሮጌ ቤት ምድር ቤት የተከራየችው ባላት ጥሪት ሁሉ ነው። ከጓሮ ባለው ክፍል እየተኛች፣ ፊት ለፊት ያለውን ምግብ ቤት ልታደርገው።

የሐሙስን ነገር ለተካልኝ የነገረችው ራሷ ነበረች። ቢያዝንልኝ ይፈጥንልኛል ብላ።

«ስለዚህ እንዴት እናድርግ?» አለ ተካልኝ። «አዲስ ቧንቧ እስከ መንገዱ፣ ከነጉልበቱ፣ ነግሬዎታለሁ። ከመጀመሪያው ዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል። ካልሆነ ልጆቼን ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋል።»

ትንሽ ከፍ ይላል ያለው እጥፉን ነው። ሃረጉ ወደ በሩ ዞር አለች።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ለምን ዝም ይላሉ? ዋሴ እኮ እርስዎ ነዎት።»

አቶ ወንዳፍራሽ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። 

ዋስ የሆኑት ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚሁ ቤት፣ ገና ወለሉ ሳይነካ ነው። ተካልኝን ያመጡላት እሳቸው ናቸው። እሱ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ናይሮቢ የኖረ፣ ስዋሂሊውን እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ቤት ማደስ ሲፈልግ እሳቸው ይመሩታል፣ ተካልኝም ከሥራው ላይ የሆነ ነገር ያስይዛቸዋል። ያን ቀን ሃረጉ ወረቀቱን ሳታነበው ፈርማ አጣጥፋ፣ ወረቀት ወረቀት ነው፣ ዋስህ ማን ነው አለችው። ተካልኝ በሳቅ ሞተ። ናይሮቢ ውስጥ ዋስ የሚጠራ ሰው ካየ ሃያ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጠቆመ፤ ይኸው ጋሼ አለ። እሳቸውም እኔ ነኝ አሉ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና አሉት፣ እንደ ቀልድ።

ከሰው ሁሉ እሳቸው! አዲስ አበባ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ዣንጥላ ዘርግተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራፖር የጻፉ ሰው ናቸው። ስንቱን የዋስትና ወረቀት በእጃቸው ጽፈዋል። ሰውዬው ግዴታውን ባይፈጽም በእሱ ቦታ ቆሜ የሚለውን ቃል ሲጽፉ ዋሱ እስቲ እንደገና ያንብቡልኝ ሲል ሰምተዋል። በመጨረሻ የታሰሩ ልጆች እናቶች እየመጡ ማመልከቻ ያስጽፏቸው ጀመር፤ እምቢ ማለት አልቻሉም፤ በዚያው ምክንያት ተሰደዱ። እና ያ ሁሉ ቀርቶ እዚህ፣ ቃል እንደ ምራቅ በሚተፋበት ከተማ፣ ዋስ ነኝ ማለት እጅ ነስቶ እንደ ማለፍ ቀሏቸው ነበር።

ለሃረጉ ግን አልቀለላትም። አሁን የምታያቸው እንደ ተዋዋለችው ሰው ነበር።

«እኔ እሱን አላውቀውም» አለች፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «እርስዎን ነው የማውቀው። እርስዎ ባይሉኝ ኖሮ ከሱ በፊት ዋጋ የነገሩኝን ሁለቱን ሰዎች አልመልስም ነበር።»

«አነጋግረዋለሁ» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ።

ተካልኝ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሲወጣ ተከትለውት ፒክአፑ ውስጥ ገቡ። ኑሬና ሌሎቹ ከኋላ ከአካፋው ጋር ተጫኑ። ሽማግሌው መለመን ጀመሩ። ይህችኛዋን ተዋት፣ ሌላው ሌላ ነው፣ ይቺ ሴት ከተመለሰች ትሞታለች አሉት። ተካልኝ መንገዱን እያየ ሰማቸው፤ አላቋረጣቸውም።

«ጋሼ፣ ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ትክክለኛውን ዋጋ ነግሯታል። ቧንቧውንም ቆጥረው። ሌቦች ብላ መለሰቻቸው። እኔን ግን ተባረክ አለችኝ። ሰው እውነተኛ ዋጋ ሲነግሩት ይቆጣል፣ እኔ ምን ላድርግ? ውሸቱን የሚፈልገው እሱ ነው።»

«ቧንቧውን ግን ሰብረኸዋል።»

ተካልኝ አደባባዩን ዞሮ ካቆመ በኋላ ወደሳቸው ዞር ብሎ ፈገግ አለ።

«ያ መነጽር እንዴት ነው፣ ጋሼ? ደህና ያሳያል?»

መነጽሩን የገዙት ካለፈው ሥራ ላይ ባገኙት ድርሻ ነበር። በሩን ከፍተው ወረዱ።

ረቡዕ ማለዳ ወደ ሩንዳ ሄዱ። እዚያ ፍሥሐ የሚባል የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ አለ፤ ሰው ይረዳል ይባላል። ከዋናው መንገድ ወርደው፣ አጥሩ ሁሉ አበባ በሆነው ሰፈር በጭቃ ግማሽ ሰዓት ተጓዙ። ዘበኛው ብዙ አቆማቸው። ፍሥሐ ሲያያቸው ግን አስገባቸው፣ አስቀመጣቸው፣ ሻይ አስመጣላቸው። የሃረጉን ነገር ነገሩት። ብድር ነው፣ ሥራ ስትጀምር ትመልሳለች አሉ።

ፍሥሐ ሰምቶ ሲያበቃ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ጥግ ላይ እንደ ካርታ የተዘረጋ ቢጫ የውሃ ምልክት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ተካልኝን ለጣሪያው ያመጡለት እሳቸው ናቸው። ያኔም ቆርቆሮው ከተነሳ በኋላ እንጨቱ ነቅዟል ተብሎ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ፍሥሐም ክረምት ሆኖበት ከፍሏል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

መዋሸት ይችሉ ነበር። ለሃረጉ ሲሉ ሊዋሹ አፋቸውን ከፈቱ።

«አውቅ ነበር» አሉ።

ፍሥሐ ራሱን ነቀነቀ። አልሰደባቸውም፤ ሻይዎን ይጨርሱ አላቸው። ከዚያ እስከ አጥሩ በር ሸኝቷቸው፣ ለተሳፈሩበት ይሁን ብሎ ጥቂት ሺሊንግ እጃቸው ላይ አኖረ። ይህ ቢሰድባቸው ኖሮ ከሚሰማቸው ይልቅ አንገበገባቸው፤ ሆኖም ገንዘቡን ተቀበሉ፤ የሚመለሱበት አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው ጋ ሄዱ። አንዱ የለም አስባለ። ሌላዋ፣ ዛራ የምትባል ልብስ ነጋዴ፣ ካላት ሰጥታ የማትጠግብ ሴት፣ ያልከፈለችውን የሱቅ ኪራይ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አውጥታ አሳየቻቸው።

ወደ ማምሻው ላይ ከተካልኝ መጋዘን ደረሱ። ተካልኝ የሲሚንቶ ከረጢት እያስቆጠረ ነበር። አላስተዋላቸውም፤ ወይም ያላስተዋለ መሰለ። አቶ ወንዳፍራሽ የሸሚዛቸውን ሁለት ቁልፍ ፈቱና ከአንገታቸው በክር የተንጠለጠለ የላስቲክ ቦርሳ አወጡ። ውስጡ የስደተኛነት ወረቀታቸው ነበር፤ ፎቶ ያለበት፣ አራት ማኅተም የተመታበት። በዚያ ወራት አፈሳው በርትቶ ነበር። ፖሊስ ማታቱ የሚሏቸውን ታክሲዎች እያስቆመ ኪፓንዴ የሚባለውን መታወቂያ ይጠይቃል፤ ኬንያዊ መታወቂያ የሌለው ይህን ካላሳየ ተጭኖ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ድንበር ድረስ። በየወሩ ከእርዳታ ቢሮው የሚቀበሏት ድጎማም ያለዚህ ወረቀት አትሰጥም።

«ይኸን ያዝ» አሉት።

«ይህ ምን ያደርግልኛል?»

«ለአንተ ምንም። እኔ ግን ያለሱ መኖር አልችልም። ስለዚህ አልጠፋም ማለት ነው። የቧንቧውን ዋጋ ልጄ ከስዊድን እስክትልክልኝ መያዣ ይሁንህ።»

ተካልኝ ወረቀቱን ተቀብሎ ፎቶውን አየ፤ እሳቸውን አየ። ለአፍታ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር አለፈ።

«ፖሊስ ቢይዝዎትስ፣ ጋሼ?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

«ልጅዎ ትልካለች?»

«ትልካለች» አሉ። ከልጃቸው ደብዳቤ ካዩ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። አድራሻ እንደቀየረች ሰው ነግሯቸው ነበር፤ አዲሱን ግን የሚያውቅ አላገኙም።

ተካልኝ ጥቂት አሰበና መሳቢያውን ስቦ ወረቀቱን ከሜትርና ከሚስማር ጋር ጣለው። አንድ ወር እጠብቃለሁ አለ። ከዚያ በኋላ አላውቅም አለ። ቀጥሎም ከዚህኛው ሥራ ላይ ድርሻ እንዳይጠብቁ ነግሮ ብቻውን ሳቀ። ሽማግሌው ያን ሌሊት ካሳራኒ ወዳለችው ክፍላቸው አልተመለሱም፤ ዘበኛውን ለምነው እዚያው ከሲሚንቶው ከረጢት ላይ አደሩና ጎህ ሲቀድ ከሠራተኞቹ ጋር ፒክአፑ ላይ ተጫኑ።

ሃረጉ ከተሰበረው ወለል አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር ያገኟት፤ ነጭ ሽርጧን አስራ፣ እንደ ታጠቀች። አዲሱን ቧንቧ ተሸክመው ሲገቡ መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ብድግ አለችና ቦታ ለማስለቀቅ ወንበር ታነሳ ጀመር።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ እስከ መንገዱ የተቆፈረው ቦይ ውሃ ሞልቶ ነበር። ኑሬ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጭቃውን ያወጣል፤ አቶ ወንዳፍራሽ ኮታቸውን አውልቀው በባልዲ ውሃ ይቀዳሉ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ከብዕር ሌላ ብዙ አያውቅም። ተው ቢሏቸው አልሰሙም። ሁለት ሰዓት ላይ ቧንቧው ተጋጠመ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አፈሩ ተመለሰ፣ ከዚያ ኑሬ በፈጣን ማድረቂያ የተቦካውን ሲሚንቶ ወለሉ ላይ ዘርግቶ እየተንበረከከ ያለሰልሰው ጀመር።

ሃረጉ የባልዲውን ሌላ ጎን ይዛ አገዘቻቸው።

«ምን ብለው አሳመኑት?»

«ተነጋገርን።»

«ማክሰኞ ዕለት በልቤ ክፉኛ ሰድቤዎታለሁ። ወጥተው ሲሄዱ፣ ይኸውና ይኼም ሸሸ ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽዬ። እዚህ አገር ሰው አለኝ ለማለት አልደፍርም ነበር።»

ባልዲውን አስቀመጡ። ሊነግሯት ነበር። መነጽሩን፣ የሩንዳውን ጣሪያ፣ የቧንቧውን ቀይ ጠርዝ፣ ሁሉንም።

«ሃረጉ፣ እኔ ያንን ሰውዬ ወደ አንቺ ሳመጣው...»

በሩ ተንኳኳ። የዝናብ ልብስ የደረበ፣ ፋይል በብብቱ የያዘ ቀጭን ሰው ገባ። ሃረጉ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሮጠች።

መርማሪው ቸኩሎ አልነበረም። የጭስ መውጫውን አንገቱን አስግጎ አየ። የግድግዳውን ንጣፍ በእርሳስ አንኳኳ። መስኮቱ ላይ ያለውን የዝንብ ወንፊት ነካካ። ያልደረቀው ወለል ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመና በስዋሂሊ የሆነ ነገር ጠየቀ። ኑሬ መለሰ። መርማሪው እንደገና ጠየቀ፤ ፋይሉ ውስጥ የሆነ ነገር ጻፈ። ሃረጉ የሚሉት ስላልገባት ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ታያለች። በመጨረሻ ሰውዬው ገንዳውን በእርሳሱ ጠቆመ። ውሃ ልቀቂ ነው የሚልሽ አላት ኑሬ።

ገንዳውን እስከ አፉ ሞላችውና የሥሩን ውታፍ ነቀለች። ሁሉም ተጠግተው አጎነበሱ፤ መርማሪው፣ ሃረጉ፣ ኑሬ፣ አካፋ የያዙት ልጆች። ውሃው መጀመሪያ ባለበት ቆመ። ከዚያ መሀሉ ላይ መዞር ጀመረ።

አቶ ወንዳፍራሽ ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። በተደራረቡት ወንበሮች መሀል አልፈው በፊት ለፊቱ በር ወጡ። ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጧል። ወደ ከተማ የሚወርድ አንድ ማታቱ ሲያያቸው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጣራውን እየደበደበ ጠራቸው። እንዳልሰማ ሰው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ማታቱው አለፈ። እስኪርቅ ጠብቀው የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉና ከአስፋልቱ ወርደው በአጥሮቹ ጥግ፣ ሰው በሚሄድበት ቀጭን መንገድ፣ ወደ ካሳራኒ በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ።