ፈጠነች ያልጠራችው ስም

ፈጠነች የቦዲቲ ልጅ ናት። የአንድ ለአምስት ጥናት በየኮሌጁ በተጧጧፈበት ዘመን ሶዶ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማር ነበር። አንድ ከሰዓት የፈተና ውጤቷ ሳይለጠፍ ስለቀረ ልትጠይቅ መምህር ወልደመስቀል ቢሮ ገባች። ሰውየው ሳቅ እያለ ተነሳና በሩን ዘጋው።

ጩኸቷን የሰማው ጩማ ነው። ጩማ የክፍሏ ልጅ፣ የሃላሌ ገበሬ ልጅ ነው፤ እሱም ለውጤቱ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባና መምህሩን ከላይዋ ጎትቶ አነሳው። ፈጠነች የተቀደደ ሸሚዟን በእጇ ይዛ ሮጣ ወጣች።

በማግስቱ መምህሩን በስሙ ጠርታ ለተማሪዎች ዲኗ ለወይዘሮ ዓመለወርቅ አመለከተች። ሴትየዋ እጇን ያዘቻት፦ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔም ሴት ነኝ።» ፈጠነች አመነቻት።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ግን መምህሩ ቀድሟት ቃሉን ሰጥቶ ወጥቶ ነበር። ጩኸት ሰምቶ ወደ ቢሮው ሲመለስ ጩማ ልጅቷን ይዟት እንዳገኘ ተናግሯል።

«ጩማን ታውቂዋለሽ?» አላት ሰብሳቢው።

«ያዳነኝ እሱ ነው።»

«የጥናት ቡድናችሁ አንድ ነው አይደል?»

«አዎ።»

የኮሚቴው አባላት እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጩማን አስገቡት። «በሰዓቱ እዚያ ነበርክ አልነበርክም?» አሉት። «ነበርኩ፣ ግን…» ከማለቱ «በቃ፣ ውጣ» ተባለ።

ውሳኔው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ፈጠነች ተማሪውን በክርኗ እየገፋች ገብታ አነበበችው። ተማሪ ጩማ ሻንቆ በሴት ተማሪ ላይ ጾታዊ ጥቃት በመፈጸሙ ተባሯል፤ ኮሌጁ ለሴቶች ደህንነት ያለውን ቁርጠኝነት በዚህ አጋጣሚ ያረጋግጣል። ማንበቡን እንደጨረሰች ዲኗ ቢሮ ሄደች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጩማ ነው አላልኩም!»

«ደንግጠሽ ነው። የደነገጠ ሰው ነገር ይምታታበታል።»

«ሁለቱም በየቀኑ የማያቸው ሰዎች ናቸው፤ ምኑ ይምታታብኛል?»

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ከሰስሽ፣ ተሰማሽ፣ ሰው ተቀጣልሽ። ስንቷ ናት ይሄን ያገኘች? መምህሩን ደግሞ ሳናጣራ ስሙን አናጠፋም። ፍትሐዊ መሆን አለብን።»

«ለጩማስ?»

«ጩማ ተማሪ ነው» አለች ሴትየዋ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

ፖሊስ ጣቢያም ሄዳ ነበር። መርማሪው ያለችውን ሰምቶ ሲያበቃ «ኮሌጁ ጥፋተኛውን አግኝቷል፤ ሌላ ጥፋተኛ ከየት እናምጣልሽ?» ብሎ ሸኛት።

ጩማን ራሱን ልታየው በገበያ ቀን አይሱዙ ተሳፍራ ሃላሌ ወረደች። አልደረሰችበትም። ወሬው ቀድሞት ስለገባ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ታግዶ፣ የሰው ዐይን መቋቋም አቅቶት፣ ወደ አዋሽ ለቀን ሥራ ሄዷል። አባቱ አቶ ሻንቆ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ጠሩላት። በወላይትኛ፣ ያፈረችበትንም ሳትዘል፣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለቀበሌው የተላከውን የውሳኔ ግልባጭ ከኪሳቸው አወጡ። «ልጄ፣ ያልሽውን ሰምተናል። ይሄ ግን ማህተም አለበት።»

«አባባ፣ የደረሰው እኮ በእኔ ላይ ነው! ማን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

«ልጁን ለማትረፍ ብላ ትዋሻለች ይላል እዚህ ላይ። ወዳጁ ናት ይላል።»

ፈጠነች ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። የራሷ ክስ ነው እዚህ ድረስ የመጣው፤ እሷ ግን ውስጡ የለችም።

አቶ ሻንቆ እስከ መኪናው ሸኟት። ስትሳፈር በሩን ያዙ።

«እኔ አምኜሻለሁ» አሏት። «እኔ ግን አባቱ ነኝ። የኔ ማመን ምን ያደርግለታል?»