የናሙሪ ኮምፒውተር እንዳይጠፋ

«ጄኔሬተሩን አጥፉት ብያለሁ! ቁርኣኑ አይሰማም እኮ!» አሉ የሟቹ የናሙሪ ታላቅ ወንድም ፎዴ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ከተቀመጡት ለቀስተኞች መካከል ብድግ ብለው።

የሟቹ ሚስት ሳራን ከበሩ ላይ አልተነቃነቀችም። «መብራት እስኪመጣ ይታገሡኝ።»

«የሞተ ሰው ዕቃ ነዳጅ ይፍጅ?»

«ኮምፒውተሩ አንዴ ከጠፋ አይነሳም። ናሙሪ ራሱ ነግሮኛል።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ብላ አንሾካሾከች፤ አጠገቧ ያለችው የኮላ ፍሬውን ሳህን ገፋ አድርጋላት ዝም አሰኘቻት።

በካንካን ከተማ ናሙሪን የማያውቅ አልነበረም። ያን ኮምፒውተር አንድ የማዕድን ቢሮ ሊጥለው ሲያወጣው በጋሪ ጭኖ ቤቱ ያስገባው በወጣትነቱ ነው። ቋንቋቸው የሚጻፍበትን የንኮን ፊደላት አንድ በአንድ በነጥብ እየሣለ አስገባበት። ከዚያ ወዲያ በቋንቋው መጽሐፍ ማሳተም ያማረው ሁሉ፣ መድኃኒት አዋቂውም መምህሩም፣ ደጁን ይጠና ጀመር። ማሽኑ ሲያረጅ ማራገቢያው ተቃጠለ፤ ከመኪና ያወለቀውን ገጠመለት። የዲስኬት ማስገቢያውም ተበላሸ፤ ከውስጡ ምንም መገልበጥ ባይቻልም እንዲሁ ተወው። አዲስ ልግዛልህ የሚለውን ሁሉ «ይሄኛው እጄን ያውቃል» እያለ ይመልሰዋል። ሳራን ደግሞ ጠዋት ጠዋት «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ትለው ነበር። ባለፈው ክረምት ዲስኩ መንገጫገጭ ሲጀምር፣ ከቆመ እንደማይዞር ገባውና ማጥፋቱን እርግፍ አድርጎ ተወ። እዚያው ፊት ለፊቱ፣ የእናቱን ተረቶች እየጻፈ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አረፈ።

ሳራን ያንን ገጽ ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም።

ከኮናክሪ የመጣችው ልጃቸው ጄኔባ ጠጋ አለቻት። «እማ፣ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ ላንሳቸው። ተረቶቹ ሌላ ቦታ የሉም።»

«ቁልፍ ከነካሽ ገጹ ይሄዳል። እሱ ያቆመበት ቦታ ይጠፋል።»

«ነዳጁም እኮ እያለቀ ነው።»

ይህን የሰሙት ፎዴ እያጉረመረሙ ሞተር ብስክሌታቸውን አስነሡ። ሲመለሱ ነጭ ቡቡ ቀሚሳቸው በነዳጅ ተበላሽቶ፣ ጀሪካን ይዘው ነበር። «ለእሱ ስል ነው፤ ላንቺ እንዳይመስልሽ» አሉና የጄኔሬተሩን ክዳን ከፈቱ።

«እየሠራ? እንዲህ ግሎ?» ጮኸ አንድ ጎረቤት። «ሊያቃጥሉን ነው!»

እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከምንጣፉ ተነሡ። አንዲት ሕፃን ግን ከጄኔሬተሩ አጠገብ ግድግዳው ሥር ተኝታለች። ፎዴ ጀሪካኑን እንዳነሡ ሳራንን አዩዋት።

«ይቅዱ ካልሽኝ እቀዳለሁ።»

ሳራን ሕፃኗን አየች። የጋለውን ጭስ ማውጫም አየች።

«ይተዉት። ክዳኑን ይመልሱት» አለች። ከዚያ ወደ ጄኔባ ዞረች። «የቆመበትን መጀመሪያ አንሺው። ከዚያ ንኪው።»

ጄኔባ አነሣችው፤ ቁልፉን ተጫነች። ናሙሪ ያቆመበት መስመር ወደ ታች ሸሸና ጠፋ። ሳራን ከንፈሯን ነከሰች። አንድ ገጽ፤ ሌላ ገጽ። ጄኔሬተሩ ማሳል ጀመረ።

«ቶሎ በይ!»

«እሱ ነው የሚዘገየው፣ እማ!»

«አትቆጪው። ዝም ብለሽ አንሺ።»

ውጭ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ተንተፋተፈና ቆመ። ስክሪኑ ወደ አንድ ነጭ ነጥብ ተሰበሰበ፤ ነጥቡም ጠፋ። የቁርኣኑ ድምፅ ድንገት ቤቱን ሞላው።

ብዙም ሳይቆይ መብራት መጣ። ጎረቤት ሁሉ አየ፤ ማንም ግን እሰይ አላለም። የኮምፒውተሩን ማብሪያ የተጫኑት ፎዴ ናቸው። ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የሚዞር ነገር ግን አልነበረም። ደገሙት። አጥፍተው እንደገና አበሩት።

«በቃዎት» አለች ሳራን።

«ከግማሽ በላይ ሳላነሣው ቀረ» አለች ጄኔባ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

ክፍሉ ለእንግዶች መኝታ ይፈለግ ስለነበር ሁለት ጎረምሶች ማሽኑን ሊያወጡት ገቡ። ሳራን መዳፏን በጀርባው ላይ አሳረፈች። ናሙሪን ገና ሰውነቱ ሳይቀዘቅዝ አጥበው፣ ገንዘው፣ ወንዶቹ ይዘውት ሲወጡ እሷ ከአጥሩ አላለፈችም ነበር።

«ገና ይሞቃል» አለች። «እስኪቀዘቅዝ አታንሡት።»

ፎዴ ልጆቹን በእጃቸው ምልክት መለሷቸውና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።