የነፍስ አባት ምስክርነት

እንኳየሁ ዕድሜዋን ሙሉ ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም ነበር። የተነሣችው በሃምሳ ዓመቷ ግድም፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ነው። እሱንም ቢሆን ወዳ አይደለም፤ ያለ ፎቶግራፍ ፓስፖርት አይወጣም ስላሏት ነው። ፎቶ አንሺው ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሮ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጣትና «ሻሽዎን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት፤ ጆሮዎ ይታይ» አላት።

«ምነው? ኢየሩሳሌም የሚሄደው ጆሮዬ ነው?» አለችው።

አጠገቧ የቆሙት የነፍስ አባቷ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ሳቁ። ከወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ ገብስ በጫነ ማኪና ላይ ተሳፍረው አብረዋት የመጡት ለምስክርነት ነው። ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲሰጣት እንኳየሁ ትክ ብላ አየችው። የሞተች እናቷን ያየች መሰላት። አራት ቅጂ ነበር፤ ሁለቱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ሁለቱ ለራሷ። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው።

ልጇ ፋንታሁን ኢየሩሳሌም ታሞ ተኝቷል። ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስለሞቱባት ነው ሦስተኛውን ፋንታሁን ያለችው፤ የእነሱም ፋንታ ሁነኝ ማለቷ ነበር። ዳኛው የሚባለው አባቱ ባረፈ በዓመቱ፣ ማለት ከስምንት ዓመት በፊት፣ ልጁ እርሻውን ትቶ በአዲ አርቃይ በኩል ዋልድባ ወረደና መነኮሰ፤ ቆይቶም ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገረ። አሁን ከገዳሙ የመጣው ደብዳቤ ሳንባው እንደተጎዳ፣ ሐኪሞቹም ተስፋ እንዳልሰጡት ይናገራል። ከደብዳቤው ግርጌ በራሱ እጅ፣ በተንቀጠቀጠ ጽሕፈት «እምዬን አንድ ጊዜ ባያት» የሚል ቃል አለበት። ወደ ታች ከማክሰኝት፣ ወደ ላይ ከደባርቅ አልፋ የማታውቅ ሴት ባሕር ልሻገር ብላ የተነሣችው ይህቺን አንዲት መሥመር ሰምታ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ክንዱ ይባላል። ልብሱ ንጹሕ፣ ብዕሩ ፈጣን የሆነ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ቢያንስ የሚረገም ሰው ይገኝ ነበር።

«የተወለዱበት ዓመት?» አላት።

«አንበጣ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ሚካኤል ማግስት።»

ክንዱ ጣቶቹን ቆጠረና አንድ ዓመተ ምሕረት ጻፈላት። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ጻፈ። የምትሄድበትን ምክንያት ሲጠይቃት «ልጄን ፋንታሁንን ልይ ብዬ» አለች። እሱንም ጻፈ። ከዚያ ምስክሩን ለብቻቸው ስለሚጠይቅ ውጭ እንድትጠብቅ በትሕትና ነገራት። ከውስጥ የተባለውን እንኳየሁ ያወቀችው በጣም ዘግይታ ነው፤ እኛ ግን አሁኑኑ ብናውቀው ይሻላል።

«መምሬ፣ በያዙት መስቀል ይማሉና እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ» አለ ክንዱ። «የሴትዮዋ ልጅ ፋንታሁን ዳኛው በሕይወት አለ?»

መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን አዩት። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩት መነኩሴ ለዓለም ሙት ነው ብለው ነው። ልጁ ሲመነኩስ ዋልድባ ድረስ የሸኙት እሳቸው ናቸው። እንደ ሬሳ በሰሌን ተጠቅልሎ፣ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ እንደ ሥርዓቱ መጽሐፈ ግንዘት ሲነበብለት ጧፍ ይዘው ቆመዋል። መስቀል ይዞ ከዚህ ሌላ መናገር ለእሳቸው ሐሰት ነው።

«ፋንታሁን ሞቷል» አሉ።

ክንዱ ብዕሩን አቆመ። «መቼ?»

«ስምንት ዓመቱ። ግንዘቱ ሲነበብ እኔው ነበርኩ።»

«ታዲያ ኢየሩሳሌም የታመመው ማን ነው?»

«እርሱማ አባ ሐብተ ማርያም ነው።»

«ለሴትዮዋ ምኗ ነው?»

«መነኩሴ የሥጋ ዘመድ የለውም፣ ልጄ። እናቱ እመቤታችን ናት።»

መምሬ ነገሩን አሳምረው የተናገሩ መሰላቸው። ጎንደር ተቀምጦ የምንኩስናን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ይኖራል ወይ ትሉ ይሆናል። ይኖራል። ክንዱ ከሕፃንነቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ ነው፤ ዋልድባን የሚያውቀው በካርታ ላይ ነው። እሱ የገባው እንዲህ ነው፦ ሴትዮዋ ልጇ ሞቶባት ሐዘኑ አእምሮዋን አናግቶታል፤ አንዱን መነኩሴ ልጄ ነው ትላለች። አንጀቱን በላችው። ቢሆንም «ልጅየው መሞቱን ምስክሩ በመሐላ አረጋግጠዋል» ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ወደ አዲስ አበባ ላከው።

መምሬ ሲወጡ እንኳየሁ ከተቀመጠችበት ደረጃ ብድግ አለች።

«እንዴት ሆነ፣ አባቴ?»

«ሸጋ ነው። እውነቱን ተናገርኩልሽ» አሏት። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

አገሯ ተመልሳ መልሱን ጠበቀች። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ። ፋንታሁን ልጅ እያለ በሶ ይወድ ስለነበር ገብሱን ቆልታ ፈጨችና በትንሽ ስልቻ ቋጥራ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀለችው። የፋሲካ ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት ወረቀቱ ከደረሰላት ከእነሱ ጋር እንደምትሄድ ነግረዋታል። ጥር አለፈ። የካቲት አለፈ። የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ መልስ መጥቷል ተባለችና ብቻዋን ጎንደር ወረደች።

ክንዱ ወረቀቱን አውጥቶ ለራሱ አነበበው። ቀና ብሎም ሊያያት አልደፈረም።

«አልተፈቀደም፣ እናቴ።»

«ምነው?»

«ልጅዎ ሞቷል። ሟች ለመጠየቅ ፓስፖርት አይሰጥም ይላል።»

እንኳየሁ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧን አሰረች፣ ደረቷን ደቃች፤ «ፋንታዬ! ሳላይህ! ሳላይህ!» እያለች ስትጮህ ከየቢሮው ሰው ወጣ። ክንዱ ደንግጦ አጠገቧ ተንበረከከ።

«እናቴ፣ እንደ አዲስ ምን ሆኑ? ከስምንት ዓመት በፊት የሞተ አይደለም እንዴ? ምስክርዎ እኮ ናቸው የነገሩን!»

ጩኸቷ ተቋረጠ። ዓይኗ ፈጠጠ። «ማን?» አለች። «ማን ነው ሞተ ያለው?»

ዝርዝሩን ሲያነብላት ነፍሷ ተመለሰችላት፤ ልጇ ሞተ የተባለው ለካ ሲመነኩስ በተገነዘበት ሰሌን ነው! ደስ ልትሰኝ ምንም አልቀራትም ነበር። ወዲያው ግን የፋሲካ ተጓዦች ትዝ አሏት፤ የሚነሡት ከሳምንት በኋላ ነው።

መምሬን ያገኘቻቸው በማግሥቱ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ነው። ሰላምታም አላቀረበችም።

«አባቴ፣ ምነው ልጄን ገደሉብኝ?»

ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ታዲያ እኔ... ሐሰት ተናገርኩ?»

«እውነት ነው የተናገሩት። እሱ አይደል የባሰው!»

ሽማግሌው ያን ዕለት እህል አልቀመሱም፤ ማኪና ጠፍቶ እንኳየሁን አስከትለው ጎንደር ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ክንዱ አዳምጦ ሲጨርስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አሁን ገና ገባው። ግን ምን ያድርግ? በመስቀል ተምሎ የተሰጠ ቃል በሌላ ቃል አይፋቅም። ልጁ በሕይወት እንዳለ ገዳሙ ጽፎ፣ ማኅተም አትሞ ይላክ አለ። መነኮሳቱ ለመሥሪያ ቤቱ መልስ እንዲሰጡ ለገዳሙ የሚላከውን ደብዳቤ ክንዱ ራሱ ጻፈላት። ከመታሸጉ በፊት እንኳየሁ ከነጠላዋ ጫፍ አንዱን ፎቶግራፍ ፈታችና «ይቺን ጨምርልኝ» አለችው። «እስክደርስ ይያት።»

መልሱ የመጣው በሰኔ ነው። እንኳየሁና መምሬ ዝናብ ሲደበድባቸው ውሎ ከቢሮው ሲደርሱ ክንዱ ፖስታውን ቀዶ ደብዳቤውን አንብቦ ጨርሶ ነበር።

«አንብብልኝ» አለችው።

«እናቴ...»

«አንብብልኝ አልኩህ።»

አነበበላት። አባ ሐብተ ማርያም በግንቦት አቦ ዕለት ዐርፏል። የፋሲካ ተጓዦች በመጡ ጊዜ በሰው ትከሻ ተደግፎ እስከ ገዳሙ በር ወጥቶ «የወገራ ሰው አብሯችሁ የለም?» እያለ አንድ በአንድ ጠይቋል። ፎቶግራፉ የደረሰው ሊያርፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከእጁ አልለየውም፤ አብሮት ተቀብሯል።

እንኳየሁ ያን ቀን አልጮኸችም። ጩኸቷን በመጋቢት እዚያው ወለል ላይ ጨርሳዋለች። ፎቶግራፏ ያለ ፓስፖርት ደርሶ እሷ ቀረች። ክንዱ ደብዳቤውን ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ከፋይሉ ውስጥ ከተተው። መዝገቡ አሁን ትክክል ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ከእንኳየሁ ቤት ተሰበሰበ። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ፍትሐት ሊያደርሱ መጽሐፋቸውን ታቅፈው ገቡ። ከመጋቢት ወዲህ ጎብጠዋል። እንኳየሁ በሶ የያዘውን ስልቻ ከጭኗ ላይ አስቀምጣ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። መጽሐፉን ሲገልጡ እጇን አነሣች።

«አባቴ፣ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂኝ።»

«ፋንታሁን ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው ብለዋል። በመስቀል ምለዋል። እንግዲህ አሁን የሞተው ማን ነው?»

መምሬ መልሱን አርባ ዓመት ሲያስተምሩት ኖረዋል፤ አፋቸው ላይ ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ «አባ...» ብለው ተዉት። መጽሐፉን ዘጉ። ከፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አሉና እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

«ልጅሽ ነው» አሉ። «ልጅሽ ነው የሞተው።»

እንኳየሁ ይህን ቃል ከሰማች በኋላ ማልቀስ ጀመረች።